ድንቹም ዘይቱም የጾም ነው፤ ፍራይሱስ?

«በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የ14 ዓመቱ ልጄ ዘንድሮ ሁዳዴን አንድም ቀን ሳያጓድል ከእኛ ጋር እየጾመ ነው። ከትምህርት ቤት ሲወጣ ጓደኞቹ ማክዶናልድስ ስለሚገቡ፣ ተነጥሎ እንዳይቀር ብዬ ፍራይስ ብቻ እየገዛ እንዲበላ የፈቀድኩለት እኔ ነኝ። ድንቹም ዘይቱም የጾም ነው ብዬ ነው። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ስንጠጣ አንዲት እኅት ልጄ ፊት ‹እሱ እኮ ሥጋ አለበት› አለች። የልጁ ፊት ተለዋወጠ፤ ቤት እስክንደርስ አላናገረኝም። ለንደን የሚኖረው ወንድሜ ደግሞ ‹አሉባልታ ነው፤ እዚህ ሥጋና ወተት የማይቀምሱ ሰዎች ሁሉ ይበሉታል› ይለኛል። እውነቱ የቱ ነው? ልጄ ጾሙን ገድፏል ማለት ነው? ምንስ ልበለው?»

ውድ እናት፣

ጥያቄዎ ሦስት ነው፤ የመጀመሪያውን ሳላዘገይ ልመልስ። በአሜሪካ የሚሸጠው የማክዶናልድስ ፍራይስ የጾም ምግብ አይደለም፤ ጥሉላት አለበት። ወንድምዎም አልዋሹም፤ እሳቸው የሚያውቁት የለንደኑን ነው፣ የለንደኑ ደግሞ ከእናንተ ሰፈሩ ጋር ስሙ እንጂ ይዘቱ አንድ አይደለም። እኅታችን የተናገሩበት ቦታና ሰዓት ቅር ቢያሰኘኝም፣ ነገሩን ከባዶ አላመጡትም።

ኩባንያው ራሱ ለአሜሪካ ደንበኞቹ ይፋ ያደረገው ዝርዝር በድንች ይጀምራል። ከዚያ የካኖላ፣ የበቆሎና የአኩሪ አተር ድብልቅ ዘይት ይከተላል። ከዘይቱ ጋር «ናቹራል ቢፍ ፍሌቨር» የሚባል፣ የበሬ ሥጋ ጣዕም የሚሰጥ ማጣፈጫ ተጽፏል። ቀጥሎ ዴክስትሮስ የተባለ ስኳር፣ ድንቹ እንዳይጠቁር የሚከላከለው ሶዲየም አሲድ ፓይሮፎስፌት፣ በመጨረሻም ጨው አለ። እርስዎን የሚመለከተው ከማጣፈጫው ጎን በቅንፍ የገባው ቃል ነው፤ ማጣፈጫው መነሻው ስንዴና ወተት እንደሆነ፣ ሁለቱም «ሃይድሮላይዝድ» እንደሆኑ ይናገራል። ይህም በስንዴውና በወተቱ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ተሰባብሮ ወደ ትንንሽ ክፍሎች ተለውጧል ማለት ነው፤ እነዚህ ክፍሎች ከስኳር ጋር ሲግሉ የተጠበሰ ሥጋ የሚመስል ሽታና ጣዕም ያወጣሉ። በማጣፈጫው ውስጥ ከበሬው ከራሱ የመጣ ነገር አለ ወይስ የለም የሚለውን ክርክር ለጊዜው እናቆየው። ስንዴው ለጾም አያስቸግርም፤ ወተቱ ግን ብቻውን ጉዳዩን ይዘጋዋል።

«ወተት ድንች ውስጥ ምን ሊሠራ ገባ?» ማለትዎ አይቀርም። እኔም ብዬ ነበር። አሜሪካ በመጣሁባቸው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ፈጣን ምግብ ቤት በማታው ፈረቃ ፍራይስ ጠብሻለሁ፤ በእነዚያ ሁለት ዓመታት አንድም ድንች አልላጥኩም። ከማቀዝቀዣው የሚወጣው ቡናማ የወረቀት ከረጢት ሲቀደድ የሚንኮሻኮሽ፣ በረዶ የለበሰ፣ ቀድሞውኑ ግማሽ ጥብስ የሆነ ድንች ይራገፋል፤ የሽቦውን ቅርጫት ሞልቼ ዘይት ውስጥ አጠልቃለሁ፣ ቁልፍ እጫናለሁ፣ ሦስት ደቂቃ ገደማ ሲሆን ማሽኑ ይጮኻል፣ አውጥቼ አራግፌ ጨው እነሰንስበታለሁ። ጾመኛ ስለነበርኩ በእረፍት ሰዓት የምበላው እሱን ብቻ ነበር። አለቃዬን «ምን አለበት?» ብዬ ብጠይቀው «ድንች ነዋ!» አለኝ፤ እሱም የሚያውቀው ያንኑ ነበር። አንድ ሌሊት ባዶ ካርቶን ልጥል ስል በጎኑ የታተመውን ደቃቅ ጽሑፍ አነበብኩና «ሚልክ» የሚለውን ቃል አገኘሁ። ይህን የምነግርዎ ስለ አንድ ነገር እንዲጠነቀቁ ነው፤ ባንኮኒው ጀርባ የቆመውን ልጅ መጠየቅ አያዋጣም፣ ምክንያቱም በፍራይሱ ውስጥ ምን እንደሚገባ የሚወሰነው እሱ ከቆመበት ወጥ ቤት በጣም ርቆ ነው።

የሚወሰነው ፋብሪካ ውስጥ ነው። የአሜሪካ ፍራይስ በአብዛኛው የሚመጣው ከአይዳሆ፣ ከዋሽንግተን ግዛትና ከኦሪገን እርሻዎች ነው፤ ረጅም፣ ሻካራ ቡናማ ልጣጭ ያለው፣ ራሰት በርባንክ የተባለው የድንች ዝርያ የታወቀው በዚሁ ሥራ ነው። እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ማክዶናልድስ ቤቶች ድንቹን በጥሬው እየገዙ እዚያው ይልጡና ይከትፉ ነበር። ጄ አር ሲምፕሎት የተባለው የአይዳሆ ባለሀብት ግን ሬይ ደንላፕ የተባለ የኬሚስትሪ ባለሙያው በ1940ዎቹ ያገኘውን የጠብሶ ማቀዝቀዝ ዘዴ ይዞ ከማክዶናልድስ መሪ ከሬይ ክሮክ ጋር እጅ ተጨባበጠና በረዶ የሆነ ድንች ማቅረብ ጀመረ። ዛሬ ከሲምፕሎት ጋር ላም ዌስተንና የካናዳው ማኬይን የዓለምን ትልልቅ ፍራይስ ቤቶች ይቀልባሉ።

በፋብሪካው ድንቹ ይታጠባል፣ ልጣጩ በእንፋሎት ይገፈፋል፣ ከዚያም በቱቦ ውስጥ በሚምዘገዘግ ውሃ ተገፍቶ በተደረደሩ ስለቶች መካከል ያልፋል፤ ባለ አራት ማዕዘን፣ እንጨት መሰል ቁራጮች የሚወጡት እዚህ ላይ ነው። ቁራጮቹ በሙቅ ውሃ ይነከራሉ፤ ዓላማው በማብሰል ብቻ አያበቃም፣ ድንቹ ከማሳው ይዞት የመጣውን ስኳር ለማጠብም ነው፤ አንዱ ድንች ስኳሩ ብዙ፣ ሌላው ጥቂት ስለሚሆን እንዲሁ ቢጠበስ ግማሹ ጠቁሮ ግማሹ ገርጥቶ ይወጣል። ዴክስትሮስ የሚጨመረው ከዚህ በኋላ ነው፤ የታጠበውን ስኳር በልኩ መልሶ ሁሉንም አንድ ዓይነት ወርቃማ ለማድረግ ነው። በስኳሩ ላይ የሚነሣው ወሬ ብዙ ስለሆነ ነው ይህን ያህል የዘረዘርኩት፤ ለጾም ምንም አያስቸግርም። ከዚያ ድንቹ ደርቆ፣ ለአጭር ጊዜ በዘይት ተጠብሶ በረዶ ይሆናል። ማጣፈጫው ያለው በዚህ የመጀመሪያ ጥብስ ዘይት ውስጥ ነው። ልጅዎ የገዛው ፍራይስ ገና ሲልቨር ስፕሪንግ ሳይደርስ ጥሉላቱን ይዞ ነበር ማለት ነው።

ማጣፈጫው ለምን አስፈለገ ቢሉ፣ ነገሩ የሚጀምረው ከሞራ ነው። ማክዶናልድስ ለብዙ ዓመታት ፍራይሱን ይጠብስ የነበረው «ፎርሙላ 47» በሚባል ድብልቅ ሲሆን፣ ከመቶ 93ቱ እጅ የበሬ ሞራ፣ 7ቱ የጥጥ ፍሬ ዘይት ነበር። አሜሪካኖች የወደዱት ያንን ጣዕም ነው። ፊል ሶኮሎፍ የተባለ የኦማሃ ነጋዴ ልቡን ታሞ ከተረፈ በኋላ ከገዛ ኪሱ እየከፈለ በትልልቅ ጋዜጦች ላይ ፈጣን ምግብ ቤቶችን የሚከስ ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ ያወጣ ነበር፤ የልብ በሽታ ወሬም በርትቶ ስለነበር ኩባንያው በ1990 ሞራውን ትቶ በአትክልት ዘይት እንደሚጠብስ አስታወቀ። ጣዕሙ ግን ከሞራው ጋር አብሮ ሊሄድ ሆነ። ሞራው ወጥቶ የሞራውን ጣዕም የሚያስመስለው ማጣፈጫ የገባው በዚህ ምክንያት ነው፤ ፍራይሱ ሥጋ ሥጋ እንዲል ታስቦ የተሠራ ነገር ነውና ጾመኛን ማሳሳቱ ብዙም አይገርምም።

የተሳሳቱት የእኛ ሰዎች ብቻ አልነበሩም። ኩባንያው «በአትክልት ዘይት እንጠብሳለን» እያለ ባስታወቀባቸው ዓመታት በአሜሪካ የሚኖሩ ሂንዱዎችና ሥጋ የማይበሉ ሰዎች ፍራይሱን በሙሉ ልብ ይበሉ ነበር። ዘይቱ ውስጥ የበሬ ጣዕም እንዳለ ሲታወቅ በ2001 ሐሪሽ ብሃርቲ የተባለ የሲያትል ጠበቃ በስማቸው ክስ መሠረተ። ቁጣው ሕንድ ድረስ ተሻግሮ በዚያ ያሉ የማክዶናልድስ ቤቶች ላይ ጥቃት ደረሰ፤ ኩባንያው የሕንዱ ፍራይስ የበሬ ጣዕም እንደሌለው አስታወቀ። በ2002 በተደረገ ስምምነት ለቬጀቴሪያን፣ ለሂንዱና ለሌሎች ድርጅቶች 10 ሚሊዮን ዶላር ለመስጠት ተስማማ፤ መረጃውን በሚገባ ባለመግለጹም ይቅርታ ጠየቀ። እኅታችን የሰሙት «ሥጋ አለበት» የሚለው ወሬ ሥሩ እዚህ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከሚሸጣቸው ምግቦች አንዱንም «ቬጀቴሪያን» (ሥጋ የሌለበት) ወይም «ቬጋን» (ከእንስሳ የተገኘ ምንም የሌለበት) ብሎ እንደማያስተዋውቅ ኩባንያው ዛሬም ራሱ ይናገራል።

ወተቱ በግልጽ የወጣው ግን በዚያ ክስ አይደለም። አለርጂ የሚያስነሡ ምግቦች በግልጽ እንዲጻፉ የሚያዝዘው የአሜሪካ ሕግ ከ2006 መባቻ ጀምሮ ሥራ ላይ ሲውል፣ በዚያው ዓመት የካቲት አካባቢ ማክዶናልድስ ፍራይሱ ውስጥ ከስንዴና ከወተት የተገኙ ነገሮች እንዳሉ አስታወቀ። እዚህ ላይ ለማንኛውም የሱቅ ግዢዎ የሚጠቅም ነገር አለ። በዝርዝሩ ግርጌ «ኮንቴይንስ» (ይዟል) ብሎ የሚጀምር መስመር ካለ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ስንዴ፣ አኩሪ አተርና መሰሎቻቸው ካሉ የመናገር ግዴታ አለበት፤ ስለዚህ ወተቱን ይጠቁምዎታል። የበሬ ሥጋ ግን በሕጉ ከተዘረዘሩት አለርጂ አምጪዎች ውስጥ ስለሌለ በዚያ መስመር አይመጣም። ሙሉውን ዝርዝር ማንበብ ያስፈልጋል። «ናቹራል ፍሌቨር» የሚለው ቃልም አያረጋጋዎ፤ በአሜሪካ ደንብ የተፈጥሮ ጣዕም ከቅመም፣ ከፍራፍሬና ከሥር ብቻ ሳይሆን ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላልና ከወተትም ሊወጣ ይችላል። ተፈጥሯዊ መሆኑ የጾም አያደርገውም፤ በሬም ተፈጥሮ ነው።

ወደ ወንድምዎ ልመለስ። በብሪታንያ የሚሸጠው የማክዶናልድስ ፍራይስ ዝርዝሩ አጭር ነው፤ ድንች፣ የጎመን ዘርና የሱፍ ዘይት፣ አንዳንድ ጊዜም ዴክስትሮስ ነው። የበሬ ጣዕምም ወተትም የለበትም። ስለዚህ እኅታችን ስለ አሜሪካው፣ ወንድምዎ ስለ ለንደኑ ሲናገሩ ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ክርክሩ የመጣው አንድ ስምና አንድ ቀይ ካርቶን በሁሉም አገር አንድ ነገር ይይዛል ብላችሁ ስላሰባችሁ ነው። ዘመድ ለመጠየቅ ሲሻገሩ የዚያን አገር ዝርዝር ማየት ነው እንጂ የቀድሞውን ይዞ መሄድ አያስተማምንም።

አሁን ወደ ልጅዎ። ጾሙን ገድፏል ወይስ አልገደፈም የሚለውን የሚፈርዱት የንስሐ አባታችሁ ናቸው፤ እኔ በጋዜጣ ዓምድ ቀኖና አልሰጥም፣ እርስዎም ለብቻዎ ፈርደው ልጁን አያስጨንቁት። አብራችሁ ሂዱና የሆነውን እንዳለ ይንገሯቸው። ከዚያ በፊት ግን፣ ዛሬ ማታ ቢሆን ይመረጣል፣ ለልጁ የሚነግሩት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም «የፈቀድኩልህ እኔ ነኝ፣ ያላጣራሁትም እኔ ነኝ» የሚለው ነው። ልጅዎ መኪና ውስጥ ዝም ያለው፣ እኔ እንደምገምተው፣ በእርስዎ ተቆጥቶ ብቻ አይደለም፤ በሰው ፊት እንደ አታላይ የታየ ስለመሰለው ነው። የ14 ዓመት ልጅ ለሳምንታት ጓደኞቹ በርገርና ዶሮ ሲበሉ አጠገባቸው ተቀምጦ አንድ ካርቶን ድንች ብቻ መያዙ ቀላል ነገር አይደለም፤ ይህንን አይተው እንደነበር በግልጽ ይንገሩት። ዝርዝሩንም ከነምክንያቱ ያሳዩት፤ በስልኩ ራሱ ቢያነበው ከእኔም ከእርስዎም ቃል የበለጠ ያምነዋል። እኅታችንን በተመለከተ፣ መውቀስ አያስፈልግም፤ ለብቻቸው አግኝተው «ልጁ ፊት ባይሆን ጥሩ ነበር፣ ግን ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ» ቢሏቸው ይበቃል።

ልጁ «ትንሽ ማጣፈጫ ናት፣ ምን ታመጣለች?» ቢልዎት፣ እናቶቻችን ሁዳዴ ሲገባ የሚያደርጉትን ይንገሩት። የፍስኩ ድስት በአመድ እየተፈተገ ይታጠባል፤ ከተቻለ ደግሞ ለጾሙ ሌላ ድስት ይወጣል። ሽሮው ያው ሽሮ ቢሆንም ቅቤ የነካው ድስት ውስጥ አይሠራም። በፋብሪካው ዘይት ውስጥ ያለው ማጣፈጫም ከዚህ የተለየ ጉዳይ አይደለም። በአንድ መጥበሻ ዘይት ዶሮም ድንችም የሚጠብሱ ቤቶችም ስላሉ፣ ዝርዝሩ ንጹሕ የሆነ ፍራይስ እንኳ በመጥበሻው ሊበላሽ ይችላል፤ ይህን ጥያቄ ባንኮኒው ላይ ያለው ልጅ በትክክል ሊመልስልዎ ይችላል፣ መጥበሻው ፊቱ ነውና።

ከጓደኞቹ ጋር የሚበላው ነገር እንዳይጎድልበት አማራጭ ላመልክትዎ። ፋይቭ ጋይዝ የተባለው ቤት የተጀመረው ከእናንተው ወንዝ ማዶ፣ በአርሊንግተን ቨርጂኒያ በ1986 ነው፤ ፍራይሱ ጥሬ ድንች እዚያው ተከትፎ በኦቾሎኒ ዘይት የሚጠበስ ነው፣ የዕለቱ ድንች ከየት እርሻ እንደመጣም ቤቱ ውስጥ ተጽፎ ይታያል። ዋጋው ለተማሪ ኪስ ይከብዳል፤ ከጓደኞቹ አንዱ የኦቾሎኒ አለርጂ ካለበትም ቤቱ ጭራሽ አይሆንም። በሌላ በኩል ደግሞ ሞራው ወደ ኋላ እየተመለሰ ነው፤ ስቴክ ኤንድ ሼክ በ2025 ፍራይሱን በበሬ ሞራ መጥበስ ጀምሯል፣ ባፋሎ ዋይልድ ዊንግስም በበሬ ሞራ የሚጠብስ ቤት ነው። ሁለቱን በቀጥታ ይለፏቸው።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ቤት መጥበስ ነው፤ እንደ ፋብሪካው አድርገው ከሠሩት ልጆቹ ልዩነቱን አያገኙትም። ራሰት ድንች ይግዙ፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ አያስቀምጡት፣ በቅዝቃዜ ስታርቹ ወደ ስኳር እየተለወጠ ሲጠበስ ይጠቁራልና። በጣት ውፍረት ከትፈው ውሃው እስኪጠራ እያለቃለቁ ያጥቡት፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይተዉት፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ጠብታ እስከማይቀር ያድርቁት። መጀመሪያ መካከለኛ ሙቀት ባለው ዘይት እስኪለሰልስ ብቻ ይጥበሱት፣ ሳይቀላ አውጥተው ያቀዝቅዙት። ልጆቹ ሲደርሱ ዘይቱን ይበልጥ አግለው ሁለተኛ ጊዜ ይጥበሱት፤ ወርቃማ ሲሆን ያውጡት እንጂ እስኪጠቁር አይጠብቁ፣ ስታርች ያለው ምግብ በከፍተኛ ሙቀት በጠቆረ ቁጥር አክሪላማይድ የተባለው ጎጂ ነገር ይበዛበታል። የሥጋውን ጣዕም ለሚናፍቅ፣ ጨው ላይ ትንሽ ሚጥሚጣ ማከል ነው። ጓደኞቹን አንድ ዐርብ ይጥራቸውና ይሞክሩት፤ ለአራት ጎረምሳ ግን ሁለት ኪሎ ድንች እንዳያንስብዎ፣ ሦስት ይግዙ።